ኮሶን መፈተሽ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዘጋጅ ኮሚቴው የደወለልኝ ወንድማችን «ስለ ሥራሽ ሃያ ደቂቃ ታወሪልናለሽ፤ ከእራት በፊት ስለሆነ ግን የሚያስጠላ ነገር እንዳይሆን» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የመጣሁት ስለ ሆድ ትል ላወራ ነው። በዚያ ላይ ለእራት የተዘጋጀው ቁርጥ መሆኑን ስገባ አይቻለሁ። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምሠራው በዚሁ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ገርጂ ነበርኩ፤ አሁን ወደ ሲኤምሲ አካባቢ ነኝ። አካባቢውን ታውቁታላችሁ፤ ፎቁ ይሠራል፣ ከፎቁ ሥር መጀመሪያ የሚከፈተው ወይ ካፌ ነው ወይ ሥጋ ቤት። ሁዳዴ አልቆ ፋሲካ ሲመጣ ሥጋ ቤቱ ሰው አይችለውም። ሥጋ ቤቱ ይጠቀማል፣ ሰዉም ይደሰታል። እኛ ጋ ያው ሰው የሚመጣው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰው ይገባና በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ የዱባ ፍሬ የመሰለ ነገር አየሁ» ይላል። ምክንያቱን እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ታውቁታላችሁ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ የገባው እጭ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ አድጎ፣ ቁራጩን መጣል እስኪጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ይህን የሁለትና የሦስት ወር ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ በሽታውንም መድኃኒቱንም የምንጠራው በአንድ ስም ነው። «ኮሶ ታየኝ» እንላለን፣ «ኮሶ ጠጣሁ» እንላለን። ትሉ ኮሶ፣ ዛፉ ኮሶ፣ አበባው ኮሶ። መራራ ነገር ሲገጥመን እንኳ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ነው የምንለው። ይህ መድኃኒት በሕዝባችን ኑሮ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይታዘዝም፤ ቤቱ ይተኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ይህንን አይቶ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ሆኖ የጀርመናዊውን የመድኃኒት ቀማሚ የሃገንን ስም ይዞ ቀረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደረቁ አበባ አውሮፓ ውስጥ በፋርማሲ ይሸጥ ነበር።

እኔ ኮሶን የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ኢንተርን ሆኜ ከተሳሳትኩት ስህተት ነው።

የነበርኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ስሙ ምንም አይጠቅምም። ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ዓይኑ ፈዝዞበት መጣ። «ጭጋግ ወረደብኝ» ነበር ያለው። ከሁለት ቀን በፊት ክፉኛ አስመልሶታል፣ አስቀምጦታል። እኔ እንደተማርኩት በቅደም ተከተል ጠየቅሁት። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። አልኮል? አልፎ አልፎ። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» «የለም ዶክተር።» ካርዱ ላይ «የመድኃኒት ታሪክ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ምርመራ አዘዝኩ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ረፋዱ ላይ ለብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት ሲስተር አልጋ ሊያነጥፉ መጡ። አንገቱን ቀና አድርገው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ኮሶ ጠጥተሃል እንዴ?» አሉት። «አዎ እናቴ» አለ። መጀመሪያ ቀን ጠጣ፤ የወረደለት ትንሽ ሆነበት። አልሻረኝም ብሎ በማግስቱ በባዶ ሆዱ እጥፉን ደገመ። እኔ ከአልጋው አጠገብ ቆሜ «ታዲያ መድኃኒት ወስደሃል ወይ ስልህ ለምን የለም አልከኝ?» አልኩት። ልጁ ከልቡ ተገርሞ አየኝና «ዶክተር፣ የጠየቁኝ እኮ ስለ መድኃኒት ነው። ኮሶ ኮሶ ነው» አለኝ።

የዓይን ሐኪሞቹ አዩት። የአንዱ ዓይኑ እይታ በመጠኑ ተመለሰ፤ ሌላኛው እንደፈዘዘ ቀረ። ኮሶው ብቻውን ነው ያጠፋው ብዬ ልምል አልችልም፤ ሌላ ምክንያት ስንፈልግ ግን አላገኘንም። ኮሶ አብዝተው በጠጡ ሰዎች ላይ የዓይን ጉዳት እንደሚደርስ ከእኔ ልደት በፊት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ላይ ወጥቷል። በ1980ዎቹም በዚሁ ጆርናል ላይ ኮሶ በአይጦች ላይ ያለው መርዛማነት ተጠንቶ ታትሟል። ጽሑፉ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ የባሰው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ካርዱን አላረምኩትም። ተረኛ ነበርኩ፣ ሌላ በሽተኛ መጣ፣ ከዚያ ሌላ መጣ። ያ ወረቀት ዛሬ የሆነ መዝገብ ቤት ውስጥ ካለ፣ ነገ አንድ ተመራማሪ «በኮሶ የተጎዱ ሰዎች ስንት ናቸው?» ብሎ መዝገብ ቢያገላብጥ፣ የዚያ ልጅ ካርድ «የለም» ይለዋል። በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ወገኖቼ፣ ስለ ባህል መድኃኒት ስናወራ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንዱ «አባቶቻችን ያረጋገጡት ነው፣ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል» ይላል። ሌላው «ኋላቀርነት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስንፍና ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ከመጠየቅ ያድናሉ። አባቶቻችን በብራና የመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈዋል፣ አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ሺህ ሰው ኮሶ ጠጥቶ ስንቱ እንደዳነ፣ ስንቱ እንደተጎዳ አልቆጠሩም። እኛም ስቴቶስኮፕ አንጠልጥለን አልቆጠርንም።

አሁን ወደዚያ ሁለትና ሦስት ወር ልመለስ። አንድ መድኃኒት ኮሶን አዳነ የምንለው መቼ ነው? ሰዉ «ወረደልኝ» ሲል ነው። ብዙ ሜትር ሲወርድ አይቶ፣ ደንግጦ፣ ተደስቶ ይሄዳል። ትሉ ግን የሚኖረው በጭንቅላቱ ነው። ከመርፌ ራስ ብዙም የማይበልጠው ጭንቅላት አንጀት ላይ ከተጣበቀ፣ የወረደው ገላ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ እንደገና ያበቅላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። እንግዲህ አስቡት። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡ የነበረው በየጊዜው አዲስ ሥጋ ስለበሉ ነው? ወይስ አሮጌው ትል ተመልሶ እየበቀለ? ምናልባት ሁለቱም። ይህንን ለመለየት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሦስተኛው ወር በሽተኛውን ደውሎ መጥራትና ሰገራውን ማየት ነው። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ካቻምና አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሄድኩ። የሐኪም ጋውን አልለበስኩም፣ ነጠላ ነው። ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ደርድረው የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ ለአንድ ሰው ስንት ነው የሚበቃው?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እንደ ሰዉ ነው ልጄ» ብለው በእጃቸው ዘግነው አሳዩኝ፤ ከዚያ ትንሽ መለሱበት፤ ቀጭን ነሽ ማለታቸው ነው። ለልጅስ? «ለልጅ አልሸጥም።» ለነፍሰ ጡርስ? ደንግጠው «እረ በስመ አብ!» አሉ። ከጎን ያለውን የደበዘዘ እስር አንስቼ ይኼኛውስ ስላቸው «እሱ ያምና ነው፣ ሰው ስለሚለምነኝ ነው እንጂ ኃይሉ ሄዷል» አሉኝ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ የነገሩኝን አስተውሉ። መጠኑ በሰውነት ክብደት ይለያያል አሉ። ለልጅና ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው አሉ። ሲቆይ ኃይሉን ያጣል አሉ። እኛ በፋርማኮሎጂ ክፍል ሴሚስተር ሙሉ የተማርነው ነው። የቀረው መለካት ብቻ ነው፤ የእሳቸው ጭብጥ ስንት ግራም ነው? የዛሬው ጭብጥና የነገው እኩል ነው? ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ ከገዛሁት ጭብጥ እያነሣሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ ሦስቱም የተለያየ ነበር። ያ ልጅ የጠጣው እጥፍ የማን እጥፍ እንደነበር ማን ያውቃል?

ስለዚህ «መፈተሽ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለእኛ ለሐኪሞች እንኳ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም። መጀመሪያ ዕፁ በትክክል እሱ መሆኑ ነው፤ የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው፣ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴዋ ቀይ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ማውጣትና መለካት፤ በኮሶ ውስጥ ኮሶቶክሲንና ዘመዶቹ አሉ። ሦስተኛ፣ በሳህን ላይ ባለ ትል፣ ቀጥሎ በእንስሳ መሞከር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሳህን ላይ ትል መግደል ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። ጥያቄው ትሉን ገድሎ ሰውየውን የሚተወው መጠን አለ ወይ ነው። አራተኛ፣ በሰው ላይ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ፣ ካለው ጥሩ መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን።

ይህ መንገድ በእኛው ቤት ተጀምሯል። በፋርማሲ ትምህርት ቤታችን ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያምና ባልደረቦቻቸው የመተሬን ፍሬ ጨምቀው፣ መጠኑን ወስነው፣ በጽላት መልክ ለማዘጋጀት ሠርተዋል። የዘገነን እጅ ወደ ሚሊግራም መለወጥ ማለት ይህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የመተሬ ጭማቂ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ የዘረመል ጉዳት ምልክት እንዳሳየ የሚገልጽ ጥናትም ታትሟል። አያችሁ፣ መፈተሽ ሁልጊዜ የምንፈልገውን መልስ አይሰጠንም። የምንፈልገውን ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን ፍተሻ አይደለም።

እንዶድንም አንርሳ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙ ሰው አይቶት ይሆናል፤ እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ዕፅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚያሟላ የመርዛማነት ጥናት ይቅረብ እየተባለ ብዙ ዓመት ሄደ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከአጠገቡ ያለፍን ሁሉ፣ ያ ተቋም የተጀመረው ከአንድ ጥያቄ መሆኑን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «ፕራዚኳንቴል አንድ ጊዜ ተውጦ የሚያድን ከሆነ፣ ኮሶን መፈተሽ ምን አደከመን?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ለበሽተኞቼ የማዝዘው ጽላቱን ነው፤ ዛሬ ኮሶ ጠጡ ብዬ ማንንም አልልክም። ነገር ግን ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ እኛ ብንፈትሸውም ባንፈትሸውም ሰው ይጠጣዋል። ሾላ ያለችው እናት ደንበኛ አላጣችም፤ መኪና አቁመው የሚገዟት አሉ። ሁለተኛ፣ ያሉን ጽላቶች ለሁሉም ትል እኩል አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንዷ የአልቤንዳዞል ጽላት ወስፋትን ጥሩ አድርጋ ታወርዳለች፣ በትሪኩሪስ ላይ ግን ደካማ ናት። በበግና በፍየል ትሎች ላይ ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት እንደተለመደና እንደማይሠራ በብዙ አገር ታይቷል። አዲስ ንጥረ ነገር መፈለግ ቅንጦት አይደለም። ሦስተኛ፣ የ2015ቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለማን እንደተሰጠ አስታውሱ። ግማሹ የባህል መድኃኒት መጽሐፍ አንብባ አርቴሚሲኒንን ላወጣችው ለቻይናዊቷ ቱ ዩዩ፣ ግማሹ የአይቨርሜክቲን መነሻ የሆነውን የትል መድኃኒት ላገኙት ለካምቤልና ለኦሙራ። ዕፅና ትል፣ በአንድ መድረክ ላይ።

ልጨርስ ነው። ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው፤ ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጡ።

ክሊኒክ ላላችሁ ሐኪሞች፦ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ አትለፉ። በስሙ ጠይቁ። «ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ ጠጥተዋል? መቼ? ስንት ጊዜ? ከየት ገዙ?» በሉ፤ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉ። ስትጠይቁ አትሳቁ፣ አትቆጡ። የተቆጣነው ሰው ሁለተኛ አይነግረንም። ኮሶ ታይቶት ጽላት የወሰደ ሁሉ ደግሞ በሦስተኛው ወር ይጠራ።

ለፋርማሲ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ሰዎች፦ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከመርካቶ የሚሸጠው ኮሶ ናሙናው ይሰብሰብ፣ በብሔራዊ ሄርባሪየም ማንነቱ ይረጋገጥ፣ ኃይሉ ይለካ። እኛ ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ታሪክ እናመጣለን፣ እናንተ የዕፁን ታሪክ አምጡ። ለየብቻ የያዝነው ግማሽ ግማሽ ለማንም አይጠቅምም።

ለሁላችንም፦ ዕውቀቱን ያቆዩትን ሰዎች አንርሳ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትና የማኅበረሰብ መብት የሚል ነገር ደንግጓል። የሾላዋ እናት ነገ የአንድ ጥናት ምንጭ ከሆኑ፣ ስማቸው በምስጋና ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ብቻ መቅረት የለበትም።

እኔ በበኩሌ ደብተር ከፍቻለሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። የጠጣ ሁሉ ይመዘገብበታል፤ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የሆነው ነገር፣ የሦስተኛ ወር ውጤቱ። ገና ግማሹም አልሞላም፤ ለሳይንስ የሚበቃ አይደለም። የመጀመሪያውን መስመር ግን የጻፍኩት ከማስታወሴ ነው፦ «ወንድ፣ ሃያዎቹ አጋማሽ፣ የቀን ሠራተኛ። ኮሶ በሁለት ተከታታይ ቀን፣ ሁለተኛው እጥፍ። እይታ ቀነሰ።» ሃያ ዓመት ገደማ ዘግይቷል። ቢሆንም «የለም» የሚለውን ያረምኩበት ነው።

እራቱ እየጠበቀን ነው። ቁርጥ የምትበሉ ብሉ፤ በዓል ነው፣ አልከለክልም። የሦስት ወሩን ቀጠሮ ግን እንዳትረሱ፤ ሲኤምሲ ታገኙኛላችሁ።